ለእህቴ ሠርግ ምን ልስጥ? የእናታችን ፈትል ጋቢ ወይስ ገንዘብ?

የሙሽራዋ_ታላቅ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ በጥር አዲስ አበባ ላይ ታገባለች። እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከወንድሞቼ ጋር በስጦታው መስማማት አቃተን። እነሱ «ሁላችንም እናዋጣና ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንግዛላቸው፣ የተረፈውን በፖስታ እንስጣቸው» ይላሉ። የኔ ሐሳብ ሌላ ነው። እናታችን ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ጥጥ ትፈትላለች። ልቃቂቱ ሰፌድ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ ፈትል ለሙሽሮቹ ጋቢ ይሸመንላቸው፣ እኔም የአልጋ ልብስ በኪሮሽ ልሥራላቸው ነው የምለው።

ታላቅ ወንድሜ «አሁን ጋቢ ማን ይለብሳል? ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ አለው» አለኝ። እኔ ግን ከሀገር ስወጣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችልኝ ጋቢ እስካሁን አለኝ። እዚህ የገዛኋቸው ብርድ ልብሶች አንዱ ተቦጫጭቆ፣ አንዱ ተንጨፍሮ ተጥለዋል። ጋቢው በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ ነው የሄደው። ጉንፋን ሲይዘኝ የምፈልገው እሱን ነው። ልጆቼም ሶፋ ላይ የሚሻሙት እሱን ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። በእጅ የተሠራ ስጦታ ሲመጣላችሁ ከልባችሁ ትደሰታላችሁ ወይስ ለይሉኝታ ነው? ካገባችሁ ቆየት ያላችሁ ደግሞ፣ ከስጦታው ሁሉ እስከ ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ የቀረው የቱ ነው?

አምስት_ኪሎ ጻፈ፦

እህቴ፣ ወንድሞችሽ ያሉት ስህተት አይደለም። እኔና ባለቤቴ ስንጋባ ባዶ ቤት ነበር የገባነው። አከራያችን የብዙ ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቁን። በፖስታ የመጣችው ገንዘብ ባትኖር ጫጉላችንን ዘመድ ቤት ነበር የምናሳልፈው። ለጀማሪ ጎጆ ገንዘብ ትልቅ ነገር ነው። «ገንዘብ ፍቅር የለውም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። አጎቴ ከደሞዙ ቀንሶ ነው የሰጠኝ። እሱም ፍቅር ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን በሐቅ ልመልስልሽ። ገንዘቡ ሥራውን ሠርቶ አለቀ። ብርጭቆዎቹ ተሰበሩ። የቀረው የባለቤቴ አክስት ከወሎ ይዘውት የመጡት ሌማት ነው። እንጀራ እስከ ዛሬ የምናቀርበው በሱ ነው። ስለዚህ ምክሬ አትከራከሩ ነው። ሁለቱንም አድርጉ። ወንድሞችሽ ፍሪጁን ይግዙ፣ አንቺና እናትሽ ጋቢውን።

ሽሮሜዳ_ያደገ ጻፈ፦

አባቴ ሸማኔ ነው። ከጋሞ፣ ከዶርዜ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ነው የኖረው። እኔ ያደግኩት የመወርወሪያ ድምፅ እየሰማሁ ስለሆነ ጋቢ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ፣ የእናትሽ ልቃቂት ካለ ከሥራው ግማሽ በላይ አልቋል። ብዙ ሰው ትልቁ ድካም የሸማኔው ይመስለዋል። ጊዜ የሚበላው ግን ፈትሉ ነው። ጥጡ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል። ባዘቶው እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ በእንዝርት፣ ክንድ ክንድ እየተሳበ ይፈተላል። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ (በወርዱ የሚገባው ክር) እስኪሞላ ወራት የሚወስድበት ጊዜ አለ። እናቶች ቡና እየፈላ፣ እንግዳ እያጫወቱ፣ ሬዲዮ እየሰሙ ነው የሚፈትሉት። ሸማኔ ፈትሉ ከደረሰው በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ስለ ጥራቱ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ነጠላ ስስ ነው፣ ቡሉኮ ደግሞ ከጋቢም ይከብዳል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጋቢ አብዛኛው ድሩ (በቁመቱ የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ይሄ ነውር የለውም። የፋብሪካው ድር ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ አይበጠስም። የሚያስከፋው ማጉም የፋብሪካ ሆኖ «የእጅ ፈትል ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው። ለመለየት ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጊው። የእጅ ፈትል አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። በእጅሽ ጨበጥ ስታደርጊውም የእጅ ፈትሉ ሞላ ይላል።

መሐሉ ላይ ስፌት ካየሽ አትደንግጪ። ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ እያቀበለ ስለሚሠራ የጨርቁ ወርድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። የውጭ ሰው ይሄን ጉድለት ነው ብሎ ሲያስቀንስ አይቻለሁ። ጉድለት አይደለም፣ በእጅ ለመሠራቱ ምስክር ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሸማኔውን አጥብቀሽ አትከራከሪው። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ ወገቡን አጉብጦ ነው የሚውለው። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ በሙያው ሲሰደብ የኖረበት ሀገር ነው ያለን። አጼ ምኒልክ ባለሙያን የሚሳደብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አባቴ ግን እኔ ልጅ ሆኜም ስድቡን ሰምቷል። ለጥምቀት ሁሉም የሱን ሥራ ለብሶ ይወጣል፣ በማግስቱ ደግሞ «የሸማኔ ልጅ» እያለ እኔን ይሰድበኛል። አሁን ብዙ ተለውጧል፣ ዋጋው ላይ ግን ንቀቱ አልጠፋም። ስጦታሽ ውስጥ የሸማኔውም እጅ አለበት። ሙሽሮቹ ማን እንደሸመነው ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የሙሽራዋ_ታላቅ ጻፈች፦

ወንድሜ፣ ስላሳወቅከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሸማኔውን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከጋቢው ጋር እሰጣቸዋለሁ። ስለ አጠባቡስ ምን ትላላችሁ? እህቴ ሁሉን ነገር ማሽን ውስጥ የምትከት ልጅ ናት።

እሙ_ባህርዳር ጻፈች፦

አጠባቡን እኔ ልንገርሽ። አዲስ ጋቢ መጀመሪያ ደረቅ ይላል፣ ሁለት ሦስቴ ከታጠበ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በቀላል ሳሙና ይታጠብ። በረኪና አታስጠጊው። ጥለቱ ባለ ቀለም ከሆነ መጀመሪያ ጫፉን አርጥባ በነጭ ጨርቅ ታብሰው። ቀለሙ ከለቀቀ ለብቻው ይታጠብ። ማሽን ውስጥ ካስገባችውም በዝቅተኛው ዙር፣ በትራስ ልብስ ከትታ ይሁን፣ ዘርፉ እንዳይጠላለፍ። በሞቀ ማድረቂያ ግን በፍጹም። ፀሐይ ይበቃዋል። በደንብ ሳይደርቅ ሳጥን ውስጥ ከገባ ይሻግታል።

አያቴ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ነጭነቱ እስካሁን ይታየኛል። (እንዶድን ካነሳሁ አይቀር፣ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት። ልጆቻችሁን አስተምሯቸው።)

ጋቢ ሲያረጅም አይጣልም። ድርቡ ተፈትቶ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። የኔ ልጆች የተጠቀለሉት በአባቴ ጋቢ ቁራጭ ነው።

የክረምት_መምህርት ጻፈች፦

የኔ ስለ ሠርግ አይደለም፣ ግን ርዕሱ ነካኝ። በክረምት የሰፈሬን ልጆች ሥዕል አስተምራለሁ። ሀገራችን ውስጥ ሕፃን ልጅ በገዛ እጁ የሠራውን ስጦታ ቤት ለቤት ይዞ የሚዞርበት በዓል አለ፣ እንቁጣጣሽ። ሴቶቹ እየዘፈኑ አበባና ለምለም ሣር ይሰጣሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። አደይ አበባ፣ መልአክ፣ ፀሐይ፣ ወፍ። ተቀባዩም ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣል። ይሄን ሥርዓት ያቆዩልን ልጆች ናቸው።

አሁን ግን ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሥዕል በዝቷል። ልጁ አንዱን ገጽ ያባዛና ለሁሉም ያድላል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። እኔ ጋ የሚመጡትን ልጆች አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃቸው፤ «ለማን ነው የምትሰጠው? እሱ ምን ይወዳል?» አንዱ ልጅ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ሣለ። መንኮራኩሩ ከሰውየው ይበልጣል። ሰውየው ደግሞ በጣም ፈገግ ብሏል፣ ጥርሱ ሁሉ ተቆጥሮ ተስሏል። ከታች «እንኳን አደረሰዎ ጋሼ» ይላል፣ የ«ሰ» እግር አንዱ ረዝሞ ከመስመር ወጥቷል። ጋሼ ያንን ወረቀት መኪናቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ስንት እንቁጣጣሽ አልፎ ዛሬም እዚያው ነው። ደንበኛ ሲመጣ «እኔ ነኝ እኮ» ብለው ያሳያሉ። የተባዛው ሥዕል የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ለአንቺ የምለው፣ የአልጋ ልብሱን ስትሠሪ እህትሽን እያሰብሽ ሥሪው። ምን ቀለም ትወዳለች? አልጋቸው ስንት ሜትር ነው?

ጀጎል_ቶሮንቶ ጻፈች፦

እኔ ሐረር ተወልጄ ቶሮንቶ ነው የምኖረው። እኛ ቤት ስፌት ማለት ግድግዳ ነው። የሐረሪ ቤት ስትገቢ ነደባው (መደቡ) ላይ ትቀመጫለሽ፣ ዙሪያሽን ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ግንቡና ስለ መስጊዶቹ ነበር። ቤቱን ከውስጥ ያስጌጡት ግን የሴቶች እጆች ናቸው። ሙሽራ ወደ አዲሱ ቤቷ ስትሄድ በእጇ የሰፋችውን፣ እናቷና ዘመዶቿ የሰፉላትን ይዛ ትሄዳለች።

እናቴ በጣም ጥብቅ ነበረች። ዙሩ ትንሽ ከላላ «ፍቺው» ትለኛለች። ወስፌው ጣቴን ወግቶኝ ሳለቅስ እንኳ ታስፈታኝ ነበር። ያን ጊዜ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው ከሷ የመጡት ስፌቶች አንዳቸውም አልተጣመሙም። ውሃ ቢይዙ የሚያፈስሱ አይመስሉም። ይሄን የምጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው። በእጅ የተሠራ ስለሆነ ብቻ ስጦታ ዘላቂ አይሆንም። በደንብ መሠራት አለበት። «ዋናው ሐሳቡ ነው» ብለን የላላ ነገር መስጠት ተቀባዩን ማክበር አይደለም። አልጋ ልብሱን ስትሠሪ ከተሳሳተብሽ ተርትሪና እንደገና ጀምሪ።

ለጓደኛዬ ልጅ ሠርግ ትንሽ ሙዳይ ሰፍቼ ሰጠኋት። ካናዳ የተወለደች ልጅ ናት። ስልክ ደውላ «ምን ላስቀምጥበት?» አለችኝ። «የቀለበትሽን ማስቀመጫ አድርጊው» አልኳት። አሁን እሷ ራሷ መማር ፈልጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ትመጣለች።

ቁጥር_ወዳድ ጻፈ፦

ጥናትም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ፉክስ፣ ሽራየርና ቫን ኦሴላር የተባሉ ተመራማሪዎች ጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ ላይ ያወጡት ነው። ሰዎች አንድን ዕቃ «በእጅ የተሠራ ነው» ሲባሉ ይበልጥ ይስባቸዋል። ዋናው ምክንያት ሠሪው ፍቅሩን ያኖረበት ስለሚመስላቸው ነው። ደግሞ ይሄ ስሜት የሚበረታው ለሚወዱት ሰው ስጦታ ሲገዙ ነው፣ ለሩቅ ሰው ሲሆን ይቀንሳል።

ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጥናቱ በዋናነት የሚነግረን ስለሚገዛው ሰው ነው። የሚቀበለው ሰው ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚሰማው ሌላ ጥያቄ ነው። ለሱ እዚህ የተጻፉት ታሪኮች ይበልጥ ይረዱኛል።

ሰላም_ነኝ ጻፈች፦

እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየሙኝ። አማቴ በጣም ጥሩ ሴት ናቸው፣ እጃቸው ደግሞ ሥራ አይፈታም። ስንጋባ ለሁሉ ነገር ዳንቴል ሠሩልን። ለሶፋው፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለፍሪጁ አናት፣ ለጠረጴዛው። ቤታችን ደግሞ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ናት። እኔ ባዶና ገላጣ ቤት ነው የምወደው። ካላነጠፍኩት ይከፋቸዋል፣ ካነጠፍኩት ቤቱ የኔ አይመስለኝም። ስንት ዓይናቸው የፈሰሰበት ሥራ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔም ባየሁት ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ቀድመው «ልጄ፣ ምን ልሥራልሽ?» ቢሉኝ ኖሮ አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ እላቸው ነበር፣ በነጭ። ዕድሜዬን ሙሉ እተኛበት ነበር። ድንገቴ ማድረግ ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ግን እህትሽን ጠይቂያት።

ሽሮሜዳ_ያደገ ጻፈ፦

@ሰላም_ነኝ፣ እህቴ፣ ይሄን ለአማትሽ በቀስታ ብትነግሪያቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም። ባለሙያ ሰው ሥራው አገልግሎት ላይ ሲውል ነው ደስ የሚለው። አባቴ ጋቢው በሳጥን ተቆልፎ ከሚቀመጥ ተለብሶ ቢያልቅ ይመርጣል። እንዲያውም ሳጥን ውስጥ ያለውን ዳንቴል ሰብስበሽ «አንድ ላይ አጋጥመው የአልጋ ልብስ ያድርጉልኝ» በያቸው። ይቻላል፣ እናቴ ሠርታ አይቻለሁ።

ሰላም_ነኝ ጻፈች፦

ይሄን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። እሁድ ቤታቸው እንሄዳለን፣ እነግራቸዋለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ከነታንያ ጻፈ፦

እኔ እስራኤል ነው ያለሁት። አያቴ ከጎንደር ገጠር ስትመጣ ወስፌዋን ይዛ ነው የመጣችው። እዚህ የስፌት ሣሮቹን፣ ስንደዶና አክርማ፣ እንደልቧ አታገኝም። መስከረም ሲጠባ ስንደዶ የሚለቀምበት መስክም የለም። ስለዚህ በገዛችው ባለ ቀለም ክር መስፋት ጀመረች። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ያገኘችው ቀለም ሁሉ ገባበት። መጀመሪያ «ይሄማ የኛ አይደለም» ብላ ታዝን ነበር። አሁን የልጅ ልጅ ባገባ ቁጥር አንድ ሞሰብ ትሰፋለች።

የአጎቶቼ ልጆች አማርኛ ብዙ አይችሉም። እሷ ደግሞ ዕብራይስጧ ገበያ ከመገበያየት አያልፍም። ቁጭ ብለው ረጅም ወሬ አያወሩም። ሞሰቡን ስትሰጣቸው ግን በጣቷ እያሳየች የትኛው ዙር የማን እንደሆነ ትነግራቸዋለች። ይሄ የእናትህ፣ ይሄ የአባትህ፣ ይሄ የሚመጣው ልጅህ። እነሱም ይገባቸዋል። ባለፈው የአንዱ ሚስት፣ ቤተሰቦቿ ከሞሮኮ የመጡ ናቸው፣ ሞሰቡን ለሰንበት ዳቦ ማቅረቢያ አድርጋዋለች። አያቴ ይሄን ስታይ የተደሰተችው ደስታ ሌላ ነው።

ለወንድሞችሽ ይሄን ንገሪያቸው። ፍሪጅ ማንም ሊገዛላቸው ይችላል። የእናታችሁን ፈትል የምትሰጠው ግን እናታችሁ ብቻ ናት፣ እሷም እጇ የሚታዘዛት እስካለ ድረስ ነው። አያቴ ዓይኗ ደክሟል። አሁን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባላት እኔ ነኝ።

የሙሽራዋ_ታላቅ ጻፈች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን እያነበብኩ ለወንድሞቼ በስልክ አሰማኋቸው። ታላቁ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ «በቃ ፍሪጁን እኛ እንገዛለን፣ የሸማኔውንም ዋጋ እኔ እከፍላለሁ» አለኝ። ማጠቢያ ማሽኑ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

እህቴንም ጠየቅኋት። አልጋ ልብሱን ፈልጋዋለች፣ ግን ነጭ ሳይሆን ክሬም፣ ዘርፍ የሌለው። ዘርፉን ድመቷ ትቦጫጭቀዋለች አለች። ጋቢውን ስነግራት ግን ሌላ ነገር መጣ። «ለሁለታችን ሁለት ጋቢ ከሚሆን አንድ ሰፊ ይሁንልን» አለች። እናቴ ደግሞ ለአንድ ሰፊ ጋቢ ፈትሉ ይበቃ እንደሆነ አታውቅም። @ሽሮሜዳ_ያደገ፣ ምን ትላለህ? የት ልውሰደው፣ መቼስ?

ሽሮሜዳ_ያደገ ጻፈ፦

ሰፊ ጋቢ ይቻላል። ሁለት የነበረው ቁራጭ ሦስት ይሆንና ጎን ለጎን ይሰፋል። መሐሉ ላይ ሁለት መስመር ይታያል፣ ምንም አይደለም። ፈትሉ መብቃቱን ሸማኔ በሚዛን አይቶ ይነግራታል። ስለዚህ እናትሽ ልቃቂቱን ሁሉ ይዘው ይሂዱ፣ ከፍለው አይተዉ። ማጉ ካነሰ ሌላ የእጅ ፈትል ተገዝቶ ይጨመራል። የእሳቸው ፈትልና የተገዛው አንድ ዓይነት ውፍረት ስለማይኖራቸው ሸማኔው የእሳቸውን በላይኛው ድርብ፣ የተገዛውን በውስጠኛው እንዲያደርገው ይንገሩት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እስከ ጥር አትጠብቂ። ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ሸማኔ ሁሉ በበዓል ልብስ ይያዛል፣ በዚያ ላይ የሠርግ ወር ነው። ኅዳር ላይ ቢሰጡት በተረጋጋ እጅ ይሠራዋል። የጥለቱን ቀለም እህትሽ ራሷ መጥታ ትምረጥ፣ በስልክ ፎቶ ቀለም ይቀየራል። ሽሮ ሜዳ ጠዋት ይምጡ። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ አሁን ጋቢ አይቀበልም፣ ግን እሱ ያስተማረው ልጅ እዚያው አጠገባችን ይሠራል። ስልኩን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።